እድሳቱ የሚያጠፋው ማስረጃ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መስል ካር (ትልቅ ሞተር የተገጠመለት ተራ መኪና) ገዝቶ፣ አድሶ፣ አትርፎ መሸጥ ለረጅም ዘመን የታወቀ ንግድ ነው። ዝገት የበላው መኪና በርካሽ ይገዛል፤ ጋራዥ ገብቶ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታታል፤ የበሰበሰው ላሜራ በአዲስ ይቀየራል፤ ሞተሩ ተፈትቶ ይገጣጠማል፤ ቀለሙ ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል፤ ከዚያም ጨረታ ላይ ይወጣል። ይህ ስሌት ዛሬ ከሁለት ወገን ተናግቷል። የሥራው ወጪ አብዛኞቹ መኪኖች ከሚያወጡት ዋጋ በላይ ሄዷል። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣበት ነገርም ተለውጧል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሁለተኛው ላይ ያተኩራል። የዛሬ ገዢ ትልቁን ገንዘብ የሚከፍለው መኪናው በእርግጥ የተባለው መኪና ለመሆኑ ማረጋገጫ ሲያገኝ ነው፤ ለሽያጭ ተብሎ በጥድፊያ የሚሠራ እድሳት ደግሞ ከምንም አስቀድሞ የሚያጠፋው ይህንኑ ማረጋገጫ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው እነዚህ መኪኖች ከተወለዱበት መንገድ ነው። ጀነራል ሞተርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም የሚከለክል የውስጥ መመሪያ ነበረው። ጆን ዲሎሪያንን ጨምሮ የዚሁ ኩባንያ ክፍል የሆነው የፖንቲያክ መሐንዲሶች ለ1964 ሞዴል መመሪያውን የሚያልፉበት ቀዳዳ አገኙ። 389 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ትልቁን ሞተር በቴምፔስት፣ ማለትም በተራው የቤተሰብ መኪና ላይ ገጠሙት፤ ግን እንደ አዲስ ሞዴል አላወጁትም። ገዢው ከ300 ዶላር ያነሰ ጨምሮ የሚያዝዘው ተጨማሪ አማራጭ አደረጉት፤ ስሙንም ጂቲኦ አሉት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ተከታተሉ። ዘመኑ ግን አጭር ነበር። የ1970 የንጹሕ አየር ሕግ፣ ኢንሹራንሶች በወጣት አሽከርካሪዎች ላይ የቆለሉት ክፍያ፣ ጀነራል ሞተርስ በ1971 ሞተሮቹን አነስተኛ ኦክቴን ላለው ቤንዚን እንዲስማሙ አድርጎ ማዳከሙ፣ በመጨረሻም የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው አሥር ዓመት ሳይሞላው ዘጉት።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ገበያ ወሳኙ ነገር፣ መስል ካር በአብዛኛው ራሱን የቻለ መኪና አለመሆኑ ነው። ተራ መኪና ነው፤ ልዩነቱ ያለው ሲታዘዝ በወረቀቱ ላይ ምልክት በተደረገባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። የ1964 እና የ1965 ጂቲኦን የሻንሲ ቁጥር ብታነቡ ጂቲኦ መሆኑን አይነግራችሁም፤ ጂቲኦ የራሱን መለያ ያገኘው በ1966 ነው። ከ1967 እስከ 1969 የተሠራ ካማሮ የሻንሲ ቁጥሩ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ይሁን ባለ 8 ብቻ ነው የሚናገረው፤ ውድ የሆነው ዚ28 ይሁን ወይም የትምህርት ቤት መምህር ለሥራ መመላለሻ የገዛው ተራ መኪና፣ አይለይም። የ1970 ሸቨልም እንዲሁ ነው። ኤልኤስ6 የተባለው 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተገጠመለትና ፋብሪካው 450 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበው ሸቨል፣ ትንሿ ቪ8 ካለችው ተራ ሸቨል፣ ከማሊቡ፣ በሻንሲ ቁጥሩ አይለይም። በዚህ ረገድ ክራይስለር ይሻላል፤ በ1970 እና በ1971 መኪኖቹ ቁጥር ውስጥ አር የምትለዋ ፊደል ከተገኘች መኪናው ከፋብሪካ የወጣው 426 ሄሚ ሞተር ተገጥሞለት ነው። በእኛ አገር ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አብረው ሰፍረው ማየት ስለለመድን፣ ቁጥሩ ከተገኘና ከገጠመ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዋናውን ጥያቄ አይመልስም።

ስለዚህ ማስረጃው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ከ1967 ወዲህ የተሠሩ የፎርድ መኪኖች የምርት መዝገብ ተጠብቆ ስለቆየ፣ ማንም የሙስታንግ ባለቤት ከፍሎ መኪናው በምን ቀለም፣ በምን ሞተር፣ ለየትኛው ሻጭ እንደተላከ የሚገልጸውንና ማርቲ ሪፖርት የሚባለውን ሰነድ ማውጣት ይችላል። የፖንቲያክ መዛግብትም ተርፈው በአገልግሎት ላይ ናቸው። በአሜሪካ ለተሸጡት የሸቭሮሌት መኪኖች ግን የየመኪናው መዝገብ አልተቀመጠም። ለሸቭሮሌት የቀረው ማስረጃ ሁለት ነው፤ ከመኪናው ጋር የቆየ ወረቀት ካለ እሱ፣ ከሌለ ደግሞ ብረቱ ራሱ። አዳሹ እጁን የሚያሳርፈው ደግሞ በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ችግሩን የሚያባብሰው እሱ ነው። የእድሳት ወጪ መኪናው ብርቅ ይሁን ተራ አይለይም። ሙሉ እድሳት ከ1,000 የሥራ ሰዓት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው። ጋራዡ በሰዓት 100 ዶላር ቢያስከፍል፣ ዕቃ፣ ክሮምና ወንበር ሳይቆጠር፣ የእጅ ዋጋው ብቻ 100,000 ዶላር ገባ ማለት ነው። የበሰበሰ የኋላ ወለል መበየድ ለማሊቡም ለኤልኤስ6ም ያው ሥራ ነው፤ ባትላሜራው የሚያጠፋው ሰዓት፣ ቀለም ቀቢው የሚጨርሰው ቀለም ያው ነው። ሲሸጡ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የዚህ ጫፍ ምሳሌ የ1971 ፕሊመዝ ኩዳ ነው፤ ባለ ሄሚ ሞተርና ጣሪያው የሚከፈተው ዓይነት አሥራ አንድ ገደማ ብቻ ተሠርቶ፣ አንዱ በ2014 ሲያትል በተደረገ የሚከም ጨረታ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው ቅርጽ ትንሽ ሞተር ይዞ የወጣ ባራኩዳ ከዚህ ዋጋ አጠገብ አይደርስም።

የሥራው ወጪ እኩል ሆኖ የሽያጩ ዋጋ ይህን ያህል ሲራራቅ፣ ለትርፍ የሚያድስ ሰው ፊት ሁለት መንገድ ነው የሚቀረው። አንደኛው ብርቅ መኪና ማግኘት ነው፤ እነዚያ ግን ባለቤታቸው ይታወቃል፣ ዋጋቸውም ተሰቅሏል። ሁለተኛው ተራውን መኪና ብርቅ ማስመሰል ነው። 454 ሞተር ከሌላ የሸቭሮሌት መኪና ይገኛል፤ አርማው፣ የኮፈኑ ጥቁር መስመር፣ የዳሽቦርዱ ሰዓቶች ሁሉ እንደገና ተመርተው በካታሎግ ይሸጣሉ። ይህን ሠርቶ ክሎን ነው ብሎ በግልጽ የሚሸጥ ሰው ማንንም አላታለለም። ችግሩ ቃሉ ከመኪናው ጋር አብሮ አለመጓዙ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ ክሎን ያለውን ሁለተኛው ዝም ይለዋል፤ ሦስተኛው ምናልባት ምንም ሳያውቅ እውነተኛ ኤልኤስ6 ብሎ ያስተዋውቀዋል። ውሸቱ የተጻፈበት ቦታ አይገኝም፤ እውነቱ የተጻፈበት ቦታም ጠፍቷል።

ማስረጃው እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት መፍታቱን በቅርብ መከታተል ይበቃል። ፋብሪካው መኪናው በመስመር ላይ ሲያልፍ ለሠራተኞቹ የሚመራበት የትዕዛዝ ወረቀት ነበረው፤ በሸቨልና በመሰሎቹ ላይ ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከቤንዚን ታንከር በላይ ወይም በወንበር ሞላዎች መካከል ተጣብቆ ይቀር ነበር። ጥራት ለመቆጣጠር የተቀመጠ አልነበረም፤ ሥራው ሲያልቅ የተጣለ ወረቀት ነው። ዛሬ ግን የቢጫ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አይጥ የቀመሰው ያ ወረቀት ከታደሰ ሞተር የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የሚቸኩል ጋራዥ ታንከሩን ያወርዳል፣ የበሰበሰውን ወንበር ወደ ቆሻሻ ይወረውራል፣ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል።

ብረቱም እንደ ወረቀቱ ነው። በሸቭሮሌት ቪ8 ሞተር ላይ፣ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ አለች። የሞተሩ ፋብሪካ ምልክት፣ የተገጣጠመበት ወርና ቀን፣ የትኛው ዓይነት ሞተር እንደሆነ የሚለዩ ፊደላት እዚያ ተመትተዋል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ላይ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ከፊሉም ተጨምሯል። ቁጥሮቹ ከመመታታቸው በፊት የፋብሪካው መላጊያ ማሽን በቦታዋ ላይ የተዋቸው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ስስ ትይዩ ጭረቶች አሉ። ብሎኩ ላይ ሲቀልጥ የወጣው ቀንም አለ፤ ሲ 12 9 የሚል ከሆነ ብሎኩ መጋቢት 12 ቀን 1969 ተቀልጦ ወጥቷል ማለት ነው፤ መኪናው በየካቲት ከተገጣጠመ ሞተሩ የእሱ ሊሆን አይችልም። ባለሙያ መርማሪ በአጉሊ መነጽር የሚያየው ጭረቶቹ መኖራቸውን፣ ቁጥሮቹም በጭረቶቹ ላይ መመታታቸውን ነው። ሞተሩን ያደሰው መካኒክ ቴስታታው በደንብ እንዲገጥም ብሎ የብሎኩን ገጽታ በማሽን ከላጨው፣ ጭረቱም ቁጥሩም ይጠፋሉ። ጥሩ የሜካኒክ ሥራ ነው። ነገር ግን አጭበርባሪም ቁጥር ለመቀየር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ትተው የሚሄዱት ገጽታ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሐቀኛው ሰው ሐቀኝነቱን የሚያሳይበት ነገር አይቀረውም።

ከተሸጡት መስል ካሮች ሁሉ ይህን ክርክር በግልጽ የሚያስረዱት፣ በ1968 ቡሊት ለተባለው ፊልም የዋሉት ሁለቱ ሙስታንጎች ናቸው። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በፊልሙ የነዳውን ዋናውን መኪና አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በ1974 በ6,000 ዶላር ገዝቶ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ተጠቀመበት፤ በኋላም ለዓመታት አቁሞ አስቀመጠው። ማክዊን ራሱ በ1977 መልሶ ለመግዛት ጽፎ አልተሳካለትም። በ2018 ለሕዝብ ሲቀርብ ቀለሙ እንደደበዘዘ፣ ላሜራው እንደተበላ፣ ለፊልሙ የተበየዱት የካሜራ ማሰሪያዎች ከሥሩ እንዳሉ ነበር። ባለቤቶቹ እንዲነሳ ብቻ አደረጉት፤ ቀለም አልቀቡትም። በጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገው የሚከም ጨረታ ክፍያዎቹ ተጨምረው በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሁለተኛው፣ ለዝላይ ትዕይንቶች የዋለው መኪና በ2017 ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ተገኘ። ሲገኝ ነጭ ቀለም የተቀባ ነበር፤ የገዛው ሰውም የሌላ ፊልም ታዋቂ ሙስታንግ ቅጂ ሊያደርገው ሥራ ጀምሮ ነበር። ማንነቱ የታወቀው የሻንሲ ቁጥሩ ሲጣራ ነው። እድሳቱ ጥቂት ወራት ቢቀድም ኖሮ፣ ተቆርጦና ተለብጦ ከሺዎች አንድ የሆነ ቅጂ ይሆን ነበር።

ይህ የፊልም መኪና ነው፣ ከተራው መኪና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሚሊዮኖቹ ዶላሮች የተከፈሉት ለማክዊን ስም ጭምር ነው። ነገር ግን ስሙ ዋጋ ያገኘው መኪናው ያ መኪና መሆኑ በአካሉ ላይ ስለሚነበብ ነው። ዝናው በሌለበትም ስሌቱ ያው ነው። በየዓመቱ ኅዳር ቺካጎ አካባቢ በሚደረገው ትልቁ የመስል ካር ትርኢት ላይ ያልታደሱ መኪኖች ተለይተው የራሳቸው ቦታ ይሰጣቸዋል፤ የፋብሪካው ቀለም መፍሰስ፣ ሠራተኛ በከለር የጻፈው ምልክት፣ ያልተስተካከለ የበር ክፍተት እንደ ጥሩ ነገር ይታያሉ። ጀነራል ሞተርስ ያኔ የሚቀባው ላከር የዛሬውን ባለ ሁለት ደረጃ ቀለም ያህል አያበራም ነበር። ዛሬ ከጋራዥ የሚወጡት አንጸባራቂ መኪኖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ያልነበራቸውን መልክ ነው የያዙት። ቀለም ሁልጊዜ እንደገና ሊቀባ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ተመልሶ አይመጣም። ገበያው ይህን ለመረዳት ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ጠንካራው ተቃውሞ የዝገት ነው። በሚድዌስት ክረምት ለበረዶ የሚበተነው ጨው እነዚህን መኪኖች ከሥር በልቷቸዋል፤ የቪኒል ጣሪያ ያላቸው ደግሞ ውኃ ከሥሩ ይዘው ከላይ በስብሰዋል። አትንኩ የሚለው ምክር ለአሪዞናው መኪና ይሠራ ይሆናል፤ ወለሉ የተበሳውን የኦሃዮ መኪና ግን ካልነኩት ይሞታል። እውነት ነው፤ ሰው ብረት መቁረጡን የሚቃወም እዚህ የለም። ጥያቄው እስከ ምን ድረስ ነው። ዛሬ ዳይናኮርን የተባለ ኩባንያ የ1969 ካማሮን ሙሉ አካል አዲስ አድርጎ ያቀርባል። ጤነኛውን የአሮጌውን ክፍል አስቀርቶ የበሰበሰውን ብቻ የሚተካ እድሳት ታሪኩን ይዞ ይቀጥላል። አዲሱን አካል ገዝቶ የአሮጌውን የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ ነቅሎ የሚመታበት ግን አዲስ መኪና ሠርቶ የሞተ መኪና ስም ሰጥቶታል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም የመለያ ቁጥር ማንሳትን ወንጀል ያደርጋል፤ ለጥገና ሲባል ግድ የሆነበት ጊዜ ብቻ የተለየ ቦታ አለው፤ ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸውን ደንብ ይጨምራሉ።

ሕጉ ራሱ የት ላይ መቆም እንዳለበት ለረጅም ጊዜ አያውቅም ነበር። በ2017 ካንሳስ ውስጥ አንድ የ1959 ኮርቬት ገዢ መኪናውን ሊያስመዘግብ ሲወስድ፣ የቁጥር ሰሌዳዋ ቀደም ባለ እድሳት ተነስታ እንደገና መታሰሯን መርማሪዎች ደረሱበት፤ መኪናው ተወረሰ። በወቅቱ የነበረው ሕግ እንዲህ ያለው መኪና እንዲወድም ያዝዝ ነበር። ገዢው ምንም አላጠፋም፤ ከዓመታት ክርክር በኋላ ሕጉ በ2022 ተሻሽሎ ለእድሳት ሲባል የሚነሳ ሰሌዳ ለጥንታዊ መኪኖች ተፈቀደ። ማሻሻያው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የሰጠው ነፃነት ሸክምም ይዞ መጥቷል፤ ሰሌዳው መነሳቱ ከተፈቀደ፣ ለምን እንደተነሳ፣ በማን እንደተነሳ፣ ከየትኛው ብረት ወደ የትኛው ብረት እንደሄደ የሚያሳይ ፎቶና ጽሑፍ ማስቀመጥ የአዳሹ ግዴታ መሆን አለበት። በካንሳሱ ጉዳይ ችግር የፈጠረው ሰሌዳው መነቀሉ ራሱ ብቻ አልነበረም፤ በነቀለውና በገዛው መካከል የሚናገር ሰነድ አለመኖሩም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሬስቶሞድ ከሚሠሩት ወገን ይመጣል። መኪና ይነዳ እንጂ እንደ ቅርስ አይቆለፍ፤ የድሮውን አካል ይዘን አዲስ ሞተር፣ ዘመናዊ ፍሬን፣ አየር ማቀዝቀዣ እንገጥማለን፤ ገዢውም ደስ ብሎት ይከፍላል ይላሉ። በዚህ አልከራከራቸውም። ዊስኮንሲን ያሉት ሪንግብራዘርስ የሚሠሯቸው መኪኖች የእጅ ጥበባቸው የሚደነቅ ነው፤ ከታዋቂ ጋራዥ የወጣ ሬስቶሞድም ሥራው በሙሉ በደረሰኝና በፎቶ ስለሚመዘገብ ከብዙ ተራ እድሳቶች የበለጠ ሐቀኛ ነው። ማነኝ የሚለውን ነው የሆነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሥራውን የጀመሩት ሰዎች መኪናውን ሳያጣሩ ሲቆርጡት ነው። አካሉ ተቆርጦ፣ የሞተሩ ክፍል ተለብጦ፣ ሻንሲው ከተቀየረ በኋላ፣ ያ መኪና ዚ28 ኖሮ ይሁን አይሁን የሚጣራበት መንገድ አይኖርም። ፋሽኑ ሲያልፍ ደግሞ አዲሱ ሞተርም ያረጃል፤ የተቆረጠው ብረት ግን ተመልሶ አይበየድም።

ይህን ሁሉ የሚያጣድፈው ጊዜ ነው። ጂቲኦ ሲወጣ 18 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 80 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ክምችቶች ለልጆች እየተላለፉ ወይም እየተሸጡ ነው፤ መኪናው ምን እንደነበረ በቃል የሚያውቁት ሰዎች ሲሄዱ የቀረው ምስክር ወረቀትና ብረት ብቻ ይሆናል። ዶጅ በታኅሣሥ 2023 የቻሌንጀርንና የድሮውን ቻርጀር ምርት ሲያቆም፣ በዚያው ወቅት ካማሮም ሲያበቃ፣ ቪ8 መስል ካሮች ከዲትሮይት የምርት መስመር አንድ በአንድ የሚለዩበት ዘመን መጣ። አዲስ ገዢዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መኪኖች ላይ ዓይናቸውን ሲጥሉ የመካከለኛው መደብ መስል ካር፣ ተራው የታደሰ ማሊቡ፣ ዋጋው ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። እንዲህ ያለውን መኪና ለትርፍ ሙሉ በሙሉ መፍታት በሒሳብም አያዋጣም። የሚያዋጣው ፍሬኑን፣ ነዳጅ መስመሩንና ሽቦውን አስተካክሎ፣ ዝገቱን በቦታው አቁሞ፣ የመጀመሪያውን ቀለም እስከቻለ ጠብቆ፣ የተወገደውን ዕቃ ሁሉ በሣጥን አስቀምጦ ከመኪናው ጋር መሸጥ ነው። የፈታው ሰው ሞተሩ በማሽን ከመላጨቱ በፊት ጠፍጣፋዋን ቦታ ፎቶ ካነሳ፣ ለሚቀጥለው ባለቤት የሚሰጠው ነገር ከማንኛውም አንጸባራቂ ቀለም የበለጠ ዘለቄታ አለው።

የጨረታ ድርጅቶችም ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም። ዛሬ ብዙው መግለጫ የሻጩን ቃል አቅርቦ ለገዢው ራስህ አጣራ ብሎ ያልፋል፤ ድርጅቱ ግን ከገዢውም ከሻጩም ኮሚሽን ይቀበላል። ሦስት ነገር ብቻ በግልጽ ቢጻፍ በቂ ነበር፤ ሞተሩ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ ነው ወይ፣ የትኛው ላሜራ ተቀይሯል፣ የቁጥር ሰሌዳው ተነስቶ ያውቃል ወይ። ሻጩ አላውቅም ካለ አላውቅም ተብሎ ይጻፍ። ይህ ሥራውን ያከብዳል፣ ሐቀኛ ሻጭ ዋጋ ያጣል የሚል መልስ አስቀድሞ ይሰማኛል። አላውቅም የተባለበት መኪና ዋጋው ዝቅ ማለቱ ግን ተገቢ ነው፤ ማስረጃው እንዳለው መኪና እኩል ሲሸጥ የነበረው ያኔ ነው ዋጋው ስህተት የነበረው።